አንዷ ሲ ሁለት ቢ ፕላስ ትበላለች

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደምበጫ ነው። በ2011 ዓ.ም. በኢኮኖሚክስ ተመርቄያለሁ፣ ነጥቤ 2.64 ነው። ወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ አለኝ። ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፣ በራሴው በኢኮኖሚክስ። ግን አንዱ ጋት የሚሉት የማስተርስ መግቢያ ፈተና አይቻልም ይለኛል፣ አንዱ መውጫ ፈተና ስላልወሰድሽ አይቀበሉሽም ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ኢኮኖሚክሱን ተይውና ኤምቢኤ ግቢ፣ ቲሲሱንም በብር የሚሠራልሽ ሰው አለ ይለኛል። ርዕስ አለኝ፤ የኅብረት ሥራ አባል መሆን የገበሬውን ገቢ ይጨምራል ወይ የሚል። ምን ይሻለኛል?»

እህት ዓለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት አማካሪ አለሽ፣ ሦስቱም ማስተርስ የተማሩ አይመስለኝም። ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ። ቶሎ የሚያልፈውን ቶሎ ልበልና ወደሚያሳስበኝ ልሂድ።

መውጫ ፈተናውን እርሺው። የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው፣ አንቺ ከአራት ዓመት በፊት ወጥተሻል። የሚጠየቁት ከዚያ ወዲህ የተመረቁት ናቸው። ይኼን ያወራልሽ ሰው ምናልባት የታናሽ ወንድሙን ነገር ሰምቶ ነው።

ጋት ግን እውነት ነው፣ ቀልድ የለውም። አሁን አገር አቀፍ ሆኗል፣ የሚያስፈትነው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው። የሚፈልገው ደግሞ ንባብ፣ መሠረታዊ ሂሳብና ማመዛዘን ነው። ከባድ ሂሳብ አይደለም፤ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ ግራፍ ማንበብ፣ እንዲህ ያለ። ሰው የሚወድቀው ባለማወቅ ሳይሆን ሰዓት አልቆበት ነው ብዬ አምናለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቢሮ ውስጥ በአማርኛ ሪፖርት ስትጽፊ ከርመሽ ድንገት የአንድ ገጽ እንግሊዝኛ በሁለት ደቂቃ አንብበሽ መልሺ ሲሉሽ ትደነግጫለሽ። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ገጽ አንብቢ፣ ሰዓት ይዘሽ። ልጁ ሲተኛ። ምዝገባው በኦንላይን ስለሆነ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቂ፤ ደምበጫ ላይ ኔትወርክ ስንት ቀን እንደሚጠፋ ለአንቺ አልነግርሽም። ዲግሪሽን፣ ስቱደንት ኮፒሽንና ፎቶሽን ዛሬውኑ ስካን አስደርገሽ ስልክሽ ላይ ያዥ።

2.64? አትፈሪ፣ አትኩሪም። ለመመረቅ 2.00 በቂ ነበር፣ ዲግሪው የአንቺ ነው። ለማስተርስ ግን ውድድር ነው። ዲፓርትመንቶቹ ጋትን፣ የራሳቸውን ፈተናና ነጥብን አቀላቅለው ይመዝናሉ፣ ሚዛኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ነጥብሽን አሁን መለወጥ አትችይም፤ ስለዚህ በፈተናው በኩል አካክሺው።

የድጋፍ ደብዳቤም ይጠይቁሻል፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት መምህራን። ከስድስት ዓመት በኋላ «ጋሼ እኔን ያስታውሱኛል?» ብለሽ ብትደውዪ አያስታውሱሽም፣ በአንድ ባች ስንት ልጅ አስተምረዋል። ስቱደንት ኮፒሽን፣ የሲኒየር ኤሴይሽን ርዕስና ያለሽበትን ሥራ በአጭር ጽፈሽ ላኪላቸው። የሚጽፉት ነገር ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሰው ጋት ጋት ሲል የሚረሳው ኦፊሻል ትራንስክሪፕትን ነው። አንቺ በእጅሽ ይዘሽ የምትሄጂው ወረቀት አይደለም፤ ከተመረቅሽበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ወደምትገቢበት ሬጅስትራር ታሽጎ የሚላክ ነው። እሱ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ ካልተጣራ አይንቀሳቀስም። ኮስት ሼሪንግ ማለት፣ ግቢ ሳለሽ የበላሽበትና የተኛሽበት ሙሉ ወጪ ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶ ጋር ተደምሮ የፈረምሽበት ዕዳ ነው። «ከደሞዜ እየተቆረጠ ነው» ትይኛለሽ። እሱ በቂ አይደለም። ስንት እንደተቆረጠ፣ ስንት እንደቀረ የሚል ደብዳቤ ያስፈልግሻል፣ ከመሥሪያ ቤትሽ ፋይናንስና ገንዘቡ ከገባበት ከገቢዎች።

እኔ ለዚህች ወረቀት ከአራት ወር በላይ ተንከራትቻለሁ። በየወሩ የተቆረጠብኝ ብር በሊስቱ ላይ የገባው በሌላ ሰው ስም ነበር። የእኔም የእሱም ስም እስከ አባት አንድ ነው፣ የሚለየን አያት ነው፣ ሊስቱን የጻፈችው ልጅ ደግሞ አያት የሚለውን ዓምድ ሰርዛዋለች። ሰውየው ዕዳውን ጨርሶ ቁጭ ብሏል፣ እኔ አንድ ብር ያልከፈልኩ ተብዬ። ሌላ ወረዳ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አገኘሁት፣ ደግ ሰው ነበር፣ ሳቅን፣ አብረን ሄደን አስተካከልን። ግን የዚያ ዓመት ምዝገባ አለፈኝ። ስለዚህ ማመልከቻ ሲወጣ ሳይሆን አሁን ሊስቱ ላይ ስምሽን እስከ አያት እዪው።

እዚህ ድረስ ያለው ትዕግሥት ነው። ሰው ወረቀቱን ጨርሶ ሲገባ ትልቁን ተራራ የወጣ ይመስለዋል። ተራራው ግን ገና ነው፣ ጮቄን ከሩቅ አይተሽ «ይቺማ ቅርብ ናት» እንደምትይው።

በእኛ አገር የድኅረ ምረቃ ደንብ ለመመረቅ ሲጂፒኤሽ፣ ማለትም ጠቅላላ አማካይ ነጥብሽ፣ ቢያንስ 3.00 መሆን አለበት። በዲግሪ ጊዜ ሲ ስታገኚ «ተመስገን አለፈች» ትይ ነበር። እዚህ ሲ ማለት ቁስል ነው። ልቁጠርልሽ። የመጀመሪያ ሴሚስተር አራት ኮርስ ወሰድሽ እንበል፣ ሁሉም እኩል ክሬዲት። ማይክሮ ቢ፣ ማክሮ ቢ፣ ሪሰርች ሜትድ ቢ ፕላስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ ሲ። 3፣ 3፣ 3.5፣ 2። ድምሩ 11.5፣ ለአራት ሲካፈል 2.875። ማስጠንቀቂያ ደረሰሽ ማለት ነው። አንዷን ሲ ለማካካስ ሁለት ቢ ፕላስ ያስፈልግሻል፣ ሌላው ሁሉ ቢ ሆኖ። ሁለት ሲ ካገኘሽ አራት ቢ ፕላስ። ሲ ራሷም በደንቡ የተቆጠረች ናት፣ እንደልብሽ አትሰበስቢያትም። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስንት እንደሚፈቅድ ገና ስትገቢ የሴኔት ደንቡን ጠይቀሽ አንብቢ። ተማሪ ደንብ የሚያነበው ከተባረረ በኋላ ነው።

እኔ ሲ ነበረኝ፣ ኢኮኖሜትሪክስ ላይ። ለሁለት ሴሚስተር እንቅልፍ ነስታኛለች።

ለምን ሲ መጣች? ሂሳብ። በዲግሪ ደረጃ ኢኮኖሚክስ ሥዕል ነበረ። ፍላጎት ወደ ታች፣ አቅርቦት ወደ ላይ፣ ሲገናኙ ዋጋ። ማስተርስ ላይ ሥዕሉ ይነሳና እኩልታው ብቻ ይቀራል። መምህሩ ገብቶ ሰላም ብሎ ሰሌዳውን በግሪክ ፊደል ይሞላዋል። አንቺ ካልኩለስ ካየሽ ስምንት ዘጠኝ ዓመት አልፎሻል። አጠገብሽ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ባለፈው ዓመት የተመረቀ ነው፣ እጁ ገና አልቀዘቀዘም።

ግን አንድ ነገር ላሳይሽ። አንድ ገበሬ አራት ቃዳ መሬት አለው። በቆሎም ጤፍም ይዘራል። የደረሰው ማዳበሪያ ሁለት ኩንታል ብቻ ነው። በቆሎው ላይ ስንት፣ ጤፉ ላይ ስንት ቢያደርግ ነው የሚሻለው? ይኼን ጥያቄ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቢሮሽ በር ላይ ትሰሚዋለሽ። ማስተርስ ክፍል ውስጥ ላግራንዥ ይሉታል። የሚያገኘውን ገቢ ትጽፊያለሽ፣ የማዳበሪያውን ገደብ ላምዳ በምትባል የግሪክ ፊደል አባዝተሽ ከጎኑ ትቀጥያለሽ፣ ዴሪቬቲቭ ወስደሽ ከዜሮ ጋር እኩል ታደርጊዋለሽ። መልሱ ምን ይልሻል? የመጨረሻዋ ኪሎ ማዳበሪያ በቆሎው ላይም ጤፉ ላይም እኩል ብር እስክታመጣ ድረስ አከፋፍለው። ላምዳ ራሷ ደግሞ አንዲት ተጨማሪ ኪሎ ብትገኝ ገበሬው ስንት ብር ይጨምርለት እንደነበር ትነግርሻለች። ሰኔ ላይ ጭቃውን እየረገጠ ከነጋዴ በእጥፍ ለመግዛት የሚሮጠው ገበሬ ላምዳው ከፍ ብሎበት ነው። እሱ ላምዳ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፣ ግን ልኩን ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ ላምዳን ሸምድዶ፣ ምን እንደሆነች ሳያውቅ ፈተና ጽፎ ይወጣል። አንቺ ሁለቱንም ማገናኘት ትችያለሽ፣ ለዚህ ነው ኢኮኖሚክሱን አትተይ የምልሽ።

ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ስድስት ወር ሂሳብ። አንድ ሰዓት ማታ ማታ። ዴሪቬቲቭ፣ ከዚያ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ፣ ከዚያ ላግራንዥ። ማትሪክስ ማባዛትና ኢንቨርስ ማውጣት። ከስታትስቲክስ ደግሞ ፕሮባቢሊቲ፣ ኖርማል ዲስትሪቢውሽንና ሃይፖተሲስ ቴስት። የድሮ ደብተርሽ ካለ እሱ ይበቃል፣ ከሌለሽ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ ኔትወርክ ሲኖር አውርደሽ አስቀምጪ። እያየሽ አትለፊ፣ በእስክርቢቶ ሥሪው። ቪዲዮ ሲያዩት ሁሉም ይገባል፣ ወረቀት ላይ ሲመጣ ነው ጉዱ።

ርዕስሽ ላይ ልምጣ። ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ርዕስ ሳይኖረው ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው አድቫይዘሩን «ርዕስ ይስጡኝ» የሚለው። ግን የአንቺ ርዕስ ውስጡ ጉድጓድ አለው። አባል የሆነው ገበሬ ገቢው ከፍ ያለ ሆኖ ብታገኚው፣ ማኅበሩ ነው ያበለጸገው ወይስ ድሮም ደህና የነበረው ገበሬ ነው አባል የሆነው? ዕጣ መግዣ ብር ያለው፣ ስብሰባ ለመምጣት ጊዜ ያለው፣ ከሊቀመንበሩ ጋር ቡና የሚጠጣው። አንቺ ስድስት ዓመት እዚያ ስለሠራሽ መልሱን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ዲፌንስ ላይ፣ ቲሲስሽን ፈታኞች ፊት ስታቀርቢ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው የሚሆነው። «ማችንግ ተጠቅሜያለሁ፣ አባሉን ከሚመስለው አባል ያልሆነ ገበሬ ጋር አወዳድሬያለሁ» ብለሽ ብትመልሺ «ማችንግ የሚያስተካክለው የሚታየውን ነው፣ የማይታየውን ትጋትና ዝምድና በምን ለካሽው?» ይሉሻል። ያኔ ላብሽ ይመጣል።

አትተይው፣ ግን አጥብቢው። ለምሳሌ አባላቱን ብቻ ያዥና በቆሏቸውን መቼ እንደሚሸጡ ጠይቂ። ጥር ላይ በርካሽ ሸጦ ነሐሴ ላይ በውድ መልሶ የሚገዛ ገበሬ ስንት ታውቂያለሽ! ለምን? ነቀዝ ፈርቶ ነው? የማዳበሪያ ዕዳ ደርሶበት ነው? የልጅ ሠርግ? ይኼ ጥያቄ የሚለካ ነገር አለው፣ መዝገቡም በእጅሽ ነው። ወደ አዊ በኩል ሰው ሁሉ ዲከረንስ ስለሚባለው ዛፍና ስለ ከሰሉ ነው የሚጽፈው። ጥሩ ርዕስ ነበረ፣ አሁን ግን ገበሬው ራሱ ጠያቂ ሲመጣ «ደሞ መጣችሁ?» ይላል አሉ።

ናሙናን በተመለከተ አንድ ጨዋታ ላጫውትሽ። የእኛ አገር ቲሲስ ሁሉ ያማኔ የሚባል ቀመር አለው። የሕዝቡን ቁጥር ለአንድ ሲደመር ያው ቁጥር በምትፈቅጂው ስህተት ካሬ ተባዝቶ ማካፈል ነው። 2,000 አባወራ ካለሽና ስህተቱን 5 በመቶ ካልሽ 2,000 ለ6፣ ወደ 333 ሰው። ቀበሌው መቶ ሺህ ሰው ቢኖረውም ከ400 አያልፍም። ሁሉም ይገለብጠዋል፣ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አንቺ ቢያንስ ለምን ከ400 እንደማያልፍ አስልተሽ ግቢ።

ገጠር መውጣት በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። መንገድ ተዘግቶ መጠይቁን ይዞ ቤቱ የቀረ ተማሪ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይተናል። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው የቤተሰብ ጥናት አለ፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ዙር ወጥቷል፣ ዳታው ተመዝግበሽ በነፃ የምታወርጂው ነው። ደምበጫን ብቻ ነጥሎ አያሳይሽም፣ ግን አማራ ክልልን ይዞ ለመሥራት ይሆናል። አድቫይዘርሽን አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ አንዳንዱ «ፕራይመሪ ዳታ፣ ራስሽ የሰበሰብሽው ካልሆነ አልቀበልም» የሚል አለ፣ ለምን እንደሚል ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ቲሲስ በብር ስለሚሠራው ሰውዬ፣ በፍጹም። ስለ ኃጢአቱ አይደለም የማወራው፣ እሱን ነፍስ አባትሽ ይነግሩሻል። የሚሠራልሽ ሰው ከሌላ ሰው ቲሲስ ላይ የወረዳውን ስም ቀይሮ ነው የሚሰጥሽ። አንድ ዲፌንስ ላይ ቁጭ ብዬ ሳይ ስለ ምዕራብ ጎጃም የተጻፈ ወረቀት ገጽ 47 ላይ በቡና ተክል ብዛት የገበሬውን ሀብት ሲለካ አይቻለሁ። ተማሪው ራሱ ከእኛ እኩል ነው የደነገጠው። ፈታኙ ሌላ ነገር አልጠየቀውም፣ «ይቺን ዓረፍተ ነገር አንብብልን» ብቻ ነው ያለው። ከዚያም ባሻገር ዲግሪው ኋላም ቢደረስበት ሊሰረዝ ይችላል። ከአድቫይዘር ጋር ቢከብድሽም በየሁለት ሳምንቱ የሆነ ነገር ይዘሽ ቅረቢ። ግማሽ ገጽም ቢሆን። የጠፋች ተማሪን አድቫይዘር አይፈልጋትም፣ ጭራሽ ይረሳታል፣ ሁለት ዓመት የነበረው ትምህርት አራት ዓመት የሚሆነውም እንዲህ ነው።

ኤምቢኤ መጥፎ ነው አላልኩም። ባንክ ወይም ማናጅመንት የምትፈልጊ ብትሆኚ ግቢ እልሽ ነበር። ግን ደብዳቤሽን ሳነበው የጻፍሽው ስለ ገበሬ ገቢ ነው፣ ስለ ሥራ አስኪያጅነት አንዲት ቃል የለችበትም። ስለሚቀል ብለሽ ብቻ አትሂጂ።

የት? ልጅ ስላለሽ ቅዳሜና እሑዱን ነው የማስበው። ማርቆስ ቅርብሽ ነው፣ አማኑኤልን ካለፍሽ ደረስሽ። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ የተሻለ ኮምፒውተርና ብዙ መምህር ልታገኚ ትችያለሽ፣ ግን ማደሪያና መንገድ አለ። የሁለቱንም የዚህ ዓመት ማስታወቂያ እዪ፤ የማታና የሳምንት መጨረሻ ትምህርት በቂ ሰው ካልተመዘገበ ሳይከፈት ይቀራል፣ ተስፋሽን አንዱ ላይ ብቻ አትጣይ። የግል ኮሌጅ ካማረሽ ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም፤ ለዚያ ትምህርት፣ ለዚያ ደረጃ፣ ለዚያ ካምፓስ መሆኑን። አዲስ አበባ የተፈቀደለት ኮሌጅ እዚህ ቅርንጫፍ ከፍቶ ብሩን ሰብስቦ ኋላ ዲግሪው የማይታወቅ ሲሆን ማን ይከስሳል?

መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ከሆነሽ ደስ ይበልሽ፣ ውሉን ግን ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው። ተመርቀሽ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለብሽ፣ ካቋረጥሽ ምን እንደምትከፍዪ፣ ዋስ ማን እንደሚሆን። ዋስ ሆኖ የፈረመልሽ ዘመድ በአንቺ ሲ ምክንያት ደብዳቤ እንዲደርሰው አትፈልጊም።

ስለ ባለቤትሽ ምንም አልጻፍሽም። ካለ፣ ቅዳሜና እሑድ ልጁን ማን እንደሚይዝ ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ ጋት ካለፍሽ በኋላ አይደለም። እናትሽ በአቅራቢያ ካሉ እሳቸውንም ጠይቂ፣ ግን ሁለት ዓመት መሆኑን ንገሪያቸው። «ጥቂት ጊዜ ነው» ብለሽ እንዳትጀምሪ፣ እኔ ብዬ ጀምሬ እናቴ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

እና ፋይናንስ ጋ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ሰኞ ግን አትሂጂ፣ ሰኞ ስብሰባ ነው የሚሉሽ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ስምሽን እስከ አያት ጽፈሽ ይዘሽ።